የሸላቹ ልጅ

አባቴ ስቲፔ በግ ሸላች ነበረ፣
የእሳት ምድር በሚሏት በረዷማ ደሴት ሠርቶ የኖረ።
በቀን መቶ በጎች ከጉልበቱ መሀል አስገብቶ
ሱፋቸውን እንደ ካፖርት ያወልቃል፣ ቆዳቸውን ትቶ።
አንዲት ቀይ ጭረት ከታየች ግን፣ የክር ያህል ብትቀጥን፣
ከደሞዙ ይነሳል፤ አለቃው አይምርም ጥፋትን።
ማታ፣ ሞራ ያወዛውን እጁን ወደ ምድጃው ዘርግቶ፣
«መቀስ ችኩል ነው» ይለኛል፣ «እጅሽን አስቀድመሽ ላኪ።
እጅ ያያል። መቀስ አያይም።»

እኔ ልጁ ድሪና በሃያ ሁለት ዓመቴ አዋላጅ ሆንኩ፣
ነፋሱ እግረኛ በሚጥልባት በፑንታ አሬናስ ጋውን ለበስኩ።
ደንቡ አጭር ነው፤ ግድግዳ ላይ እንኳ አልተጻፈም፦
የበኩሯን የምትወልድ ሳትቆረጥ አትወልድም።
«ቀጥ ያለ ቅድ ለመስፋት ይመቻል» አለን ሐኪሙ።
ለመስፋት። ለመቀመጥስ ብሎ የጠየቀ የለም፤
ከኔም ደሞዝ ማንም ሳንቲም አልነሳም።

ኦቲሊያ መጣች፣ ሸርጣን ፈልፋይ ከፋብሪካው፣
ጣቶቿ በጨው የተሰነጣጠቁ፣ ሳቋ ሰፊ የሆነው።
ሰኔ ነበር፣ ክረምታችን፣ ፀሐይ ሳትሞቅ የምትጠልቅበት።
«ግፊ! ግፊ!» እያልን ጮህንባት፣ አራት ሆነን ቆመንባት።
አልጠየቅኳትም።
ቀጥ አድርጌ ወደ ታች ቆረጥኩ።

ጫፉን መቀስ የነካው ጨርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?
ሳብ ሲያደርጉት እስከ ዳር የሚተረተር፣
መንገዱን ራሱ የሚያውቅ?
እንደዚያ ሄደ። ስጋውን አልፎ፣ ጡንቻውን አልፎ፣
ፊንጢጣዋ ድረስ።

ልጅቷ ደህና ነበረች፤ ያስና ተባለች።
እናቷ ተሰፋች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።
በመዝገቡ ላይ «መደበኛ ወሊድ» ተጻፈ፤
ፊርማው የኔ ነው።

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ላይ አያት ጀመር፣
ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ እሷ ቆማ።
ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሩ አጠገብ፣ ቆማ።
ፋብሪካውን ተወችው፤ ሰገራዋ ሳታውቀው እያመለጣት
ከሴቶች ጎን መሰለፍ አሳፈራት።
ለማንም አልነገረችም። እኔን ስታይ
«ደህና ዋልሽ፣ ድሪና?» ትለኝ ነበር።
ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ዘመን አለፈ። ከቺሎዌ ደሴት አንዲት ወጣት አዋላጅ መጣች፣
ኤዱቪና፣ አጭር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ።
አንድ እጇን የሚወጣው ጭንቅላት ላይ አሳርፋ
«ቀስ፣ ቀስ» ትለዋለች፤
በሌላው እጇ ከታች፣ ለብ ባለ ጨርቅ፣ ስጋውን ደግፋ
እናትየዋን «አሁን አትግፊ» ትላታለች፣
«ሾርባ እንደምታበርጂ እፍ በይ።»
የአባቴን እጅ እሷ ክንድ ላይ አየሁት።
በአርባ ሁለት ዓመቴ ሙያዬን ከፊደሉ ጀመርኩ።

መቀሱን ጣልኩት ብል እዋሻለሁ።

ያስና ልትወልድ የመጣች ሌሊት
እናቷ ግድግዳ ተደግፋ፣ ወንበሩ አጠገቧ ባዶ፣
እጄን አስቀድሜ ልኬ፣ ጨርቁን አሙቄ፣ ጠብቄ፣ ጠብቄ፣
የሕፃኑ ልብ ምት ወረደ። ወረደና አልመለስ አለ።
ጎንበስ ብዬ ፊቷን አየሁት። «ያስና፣
ልጁ ቶሎ መውጣት አለበት። ብቆርጥ ይፈጥናል።
ወደ ጎን ነው፣ አደንዝዤ። ልቁረጥ?»
ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም አለች።
«ቁረጪ።»

ወደ ጎን፣ ከዚያ ከማውቀው መንገድ አርቄ ቆረጥኩ።
ወንድ ልጅ፣ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ኋላ ቀይ፣ ኋላ ቁጡ።
ከመስፋቴ በፊት በጣቴ ፈተሽኩ፤ ጡንቻው አልተነካም።
ደግሜ ፈተሽኩ።

ኦቲሊያ የልጅ ልጇን ቆማ ታቀፈችው።
እሱን እያየች፣ እኔን ሳታይ፣
«መጠየቅ ይቻል ነበር፣ ለካ» አለች።

መልስ አልነበረኝም።
ከሰርጡ የመጣው ነፋስ መስኮቱን ይገፋል፣ ይገፋል፣
ማንም ግፋ ሳይለው።