አተር ታህል

«አተር ታህል» አለኝ፣ ቱቦውን ጨብጦ፣
በመነጽሩ አናት ጉንጬን ገላምጦ፤
«ላንድ ፊት፣ ላንድ ሌሊት፣ አተር ናት ልኬቷ፤
ካበዛሽ ትፋጃለች፤ ማነስ ነው ጉልበቷ።
ታጠቢ፤ ጠብቂ፤ ውሃው ይድረቅልሽ፤
ከዓይንሽ ሥር አርቂያት፣ ከከንፈር ጠርዝሽ።
ቀን ጥላ አይለይሽ፤ ፀሐይ አትወዳትም፤
የሳሳ ቆዳ አይታ ዝም ብላ አታልፍም።
ደግሞ...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤
«እርጉዝ አይደለሽም? ካሰብሽም ንገሪኝ።
ይህቺ ከፅንስ ጋር አብራ አታድርም።»

«መጀመሪያ ይብሳል» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር፣
«ይቀላል፣ ይላጣል፤ ይወጣል የተኛው ከቆዳሽ ሥር።
ሦስት ወር ታገሺ።»

ሦስት ወር!
እኔ እኮ ሥራዬ ፊት ማለስለስ ነው፤
ፎቶ ቤት፣ ከሲኒማው ጎን፣ ደረጃው ሥር ያለው።
ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለሙት ዓመት፣
ማውሷን አንዴ ጠቅ ሳደርጋት፣
የሙሽራዋ ማዲያት ከጉንጯ ይነሣል፤
ሟቹም በሰባው ሞቶ በሠላሳው ይነሣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም።
በሁለተኛው አገጬ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም
ተፈረፈረ፤ ጥቁር ሹራቤ ላይ ዱቄት።
ዘለቃሽ ከካሜራው ኋላ፣ «እሬት ይሻልሽ ነበር፤
የገዛ ፊትሽን በገንዘብሽ ላጥሽው!»

በዚያው ወር ፒያሳም ተላጠች።
አንድ ማለዳ የለመድኩት በረንዳ የለም፤
ግማሽ ቤት ቆሟል፣
የማላውቀው ሰው መኝታ ቤት፣ ሰማያዊ ግድግዳው፣
ሚስማሩ እንኳ ሳይነቀል፣ ለታክሲ ተሳፋሪ ተገልጦ።
አቧራው መጥቶ ከተላጠው ጉንጬ ላይ ያርፋል፤
ያቃጥላል።

«መጀመሪያ ይብሳል፣ ኋላ ያምራል» አለ የወረዳው ሰው፣
ቃል በቃል እንደ ፋርማሲስቱ።
ልኩን ግን አልነገረንም።
አተር ታህል አላለም።

አቶ አይለየኝ መጡ፣ የዶሮ ማነቂያው ልብስ ሰፊ፤
ለአዲሱ አድራሻ፣ ለአዲሱ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ።
ክራባታቸውን ሦስት ጊዜ አሰሩ።
ስክሪኑን በትከሻዬ አሻግረው ሲያዩ ቆዩና፣
«ይቺን ጠባሳ አትንኪብኝ፣ ልጄ።
የካውያ ነች።
ከሱቄ ይዤ የወጣሁት እሷን ነው።»
እጄን ከማውሷ አነሣሁ።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት።
ግንባሬ ጠርቷል፤ ዘለቃሽ አላመነችም፣
ጠጋ ብላ በጥፍሯ ዳበሰችኝ።
ከግራ ጉንጬ አንድ ጥቁር ነጥብ ቀርታለች፣
የምታክል... እሷኑ።
ተዉኳት።

ሌላ ቱቦ ልገዛ ወደ ድልድዩ ወረድኩ።
ፋርማሲው ከነደወሉ የለም።
ቆርቆሮ አጥር ላይ «ተዛውረናል» የሚል ወረቀት፣
ስልኩ በዝናብ ታጥቦ፣
የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ጠፍተዋል።

ማታ የድሮውን ቱቦ ከጭራው ጠቀለልኩት።
በጣቴ ጫፍ ላይ ግማሽ አተር።
ግማሿ ለነገ።