ካርዱ አለ

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ሆጤ ሜዳ ጠፍቶ፣
የሰኞ ገበያ ሰው ከነአህያው ገብቶ፣
እኛ አሥረኛ «ሐ» ከቤተ መጻሕፍቱ
ደጅ ተኮልኩለናል በብርድ፣ በጠዋቱ።

እትዬ ዘሐራ ቁልፋቸውን ይዘው
መጡ እንደ ሁልጊዜው፣ በእግር ተጉዘው
ከሮቢት።
በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈት፤
ውስጡ የኖራ ሽታ፣ የእርጥብ ወረቀት፤
ሦስት መደርደሪያ፣ አንዱ ብቻ ሙሉ፣
የቀሩት ሁለቱ አቧራ ያዘሉ።

በክፉው ዓመት ነው መጻሕፍቱ ያለቁ፤
ግማሹን በሌሊት አንድደው ሲሞቁ፣
ግማሹ ገበያ፣ ገጽ በገጽ ተቀዶ፣
በርበሬ ቋጥሮ ቀረ፣ ከሰው ቤት ሄዶ።
የተረፈው መሳቢያው ነው፦ ትንንሽ ካርዶች፣
ማንም ያልፈለጋቸው፣ እንደ ድኻ ዘመዶች፣
በፊደል ተራ ቆመው።
«የአፈር መሸርሸር፣ ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ»፦ ካርዱ አለ፣ መጽሐፉ የለም።
«ስለ አንበጣ»፦ ካርዱ አለ፣ መጽሐፉ የለም።
«የጥርስ ንጽሕና» ግን አለ፣ ሁለት ቅጂ፤ እሱን የነካ የለም።

የቡድናችን ጥናት ስለ ቦርከና ነው፤
ክረምት ሲሞላ ማንን እንደሚጎዳ ልንጽፍ ነው።
ሸጋው ስልኩን አወጣ። «መጽሐፍ ምን ያደርጋል? ይኸው!»
ቡናማ ውሃ፣ የተገመሰ ድልድይ፣ ያጋደለ አውቶቡስ፤
ከሥሩም፦ «አሁን! ኮምቦልቻ መግቢያ! ለወዳጅ ዘመድ ይድረስ።»

እኔም አደረስኩ።
ጣት ምን ገዶት፤ አርባ ሰው ቤት ባንድ ትንፋሽ ደረስኩ።

ከዲር ግን ዝም አለ፤ ደብተሩ ላይ ጣቱ
ደረቀ። ሹፌር ነው አባቱ፣
ሐረጎን በየቀኑ ወርዶ የሚወጣ።
ደወለ። ዝግ። ደግሞ። ዝግ።
በዚያ የደሴ ብርድ ላብ ከግንባሩ ወጣ።

እትዬ ዘሐራ ስልኩን ተቀበሉ፣
መነጽር በሻሻቸው ጠርገው፣ ቀስ እያሉ፦
«እንግዳ ሳይጠየቅ ይገባል በወሎ፤
ወሬ ግን ይጠየቅ፣ ከደጅ ቆሞ ውሎ፦
ማን አየህ? መቼ ሆንክ? በየት በኩል መጣህ?
ካንተ ሌላ ማነው የሚመሰክርልህ?»
ስልኩን ለከዲር ሰጡት። «አንተ የሹፌር ልጅ፣ ደህና አርገህ እየው።»
እጁ እየተንቀጠቀጠ ምስሉን አሰፋው፣
አሰፋው፣
አሰፋው፦
«መሪው… መሪው በቀኝ ነው!»
የኛ አገር አውቶቡስ መሪው በግራ ነው።
ያ ወንዝ የሌላ አገር፣ ያ ጎርፍ የሌላ ሰው
ልቅሶ ነው።

ፈቲያ ሳቀች። «እንግዲያ የታተመ ብቻ እንመን!»
እትዬ ዘሐራ ከጥጉ የተጠረዘ ጋዜጣ ጎትተው፣ አቧራውን
እፍ አሉ፣ ገለጡት። የፊት ገጽ፣ ትልቅ ርዕስ፣
ከጎኑ የራሳቸው እጅ ጽሕፈት፣ በእርሳስ፦
«ስሕተት ነው። ከሳምንት በኋላ ታርሟል፤
ገጽ ሰባት፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል።»

ቀትር ላይ የከዲር አባት ደወለ። ሐረጎ ላይ
ጉም ዘግቶት ቆሞ ነው፤ ባትሪውም አልቆ፤
የፈረሰ ድልድይ ቀርቶ አላየም ሰማይ።

እርማቱን ላክሁ ለአርባውም። ሦስቱ ከፈቱት።
አክስቴ ዛሬም ድረስ ኮምቦልቻ ስትወርድ፣ ድልድዩን ስትሻገር
«እንዴት ቶሎ ሠሩት!»
ትላለች።

እትዬ ዘሐራ ግን ባዶ ካርድ ሰጡኝ፤
ሳይቆጡ፣ እንደ ወጉ፣ መስመር በመስመር አስጻፉኝ፦

ርዕስ፦ ድልድይ (ወሬ)።
ደራሲ፦ አልታወቀም።
ቦታ፦ አልታወቀም።
ዓመት፦ አልታወቀም።
አከፋፋይ፦ አበጋዝ ሙሔ፣ አሥረኛ «ሐ»።

መሳቢያው ውስጥ ገባ፣ ከ«ደን» ቀጥሎ፣ ከ«ዶሮ እርባታ» በፊት።
መደርደሪያው አሁን ሁለቱ ሞልቷል አሉ፤
ባለፈው ጎራ ብዬ መጽሐፍ አልጠየቅሁም፤
መሳቢያውን ብቻ ሳብኩት።
ካርዱ አለ።