ሦስት ቃል

ከአራት ኪሎ ሐውልት በታች፣ ማተሚያ ቤቱን ተጠግታ፣
አንዲት ሱቅ አለችኝ ጠባብ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ደፍታ።
አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ለደንበኛ አንድ ወንበር፤
አራተኛ እግሯን በሽቦ ያሰርኩላት እንዳትሰበር።
የኪራይ ውል እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣
የዕድር ደብዳቤም ደግሞ፣ ሰው ከሞተ በማታ።

በዚያ ክረምት ምርጫው አልቆ፣ ለብቻው የሞላ ጠፋ፤
ረቂቁ በፍላሽ ታዝሎ እኔ ሱቅ ደጃፍ ተደፋ።
«ሁለት መቶ ሰባ አራት!» ቁጥሯን እንደ ዳዊት ደገሟት፤
በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ከፋፍለው አስታመሟት።
ድምፅ ፈላጊ ሁሉ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤
እዚህ ሰፈር ድምፅ አይሰማም፤ ድምፅ እዚህ ይደመራል።

አንቀጽ አንድ፣ መግቢያው ላይ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፤
ድሩ ማን፣ አንበሳው ማን እንደሆነ አልተጻፈም በዝርዝር።
አንቀጽ አራት በሦስት ሌሊት ስድስት ጊዜ ተቀየረች፤
ውሃ ሚኒስቴር ማክሰኞ ለሐጂ ሙዘይን ነበረች፣
ረቡዕ ለሌላ ሄደች፤
ኀሙስ ነጥብ ነጥብ ብቻ፣ ባዶ ቦታ ተተወች።
ዶክተር ልሳነወርቅ ነጥቡን ቆጥሮ «አሥራ ስምንት ነው» አለኝ፤
«የኔ ስም ልክ ይሞላዋል፣ ካያቴ ጋር» ብሎ አሳቀኝ።

ሦስት ጎደለ። ሰባ አንድ ላይ ተገትሮ ቀረ ነገሩ።
ሦስት ወንበር የያዙ፣ አቶ ሻንቆ ብቻ ነበሩ።
ሌላው በላንድክሩዘር ሲመጣ፣ እሳቸው አንበሳ ተሳፍረው፣
ዝናብ የመታው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣
እዚያች ወንበር ላይ ተቀመጡ። አልጠየቁም ሚኒስቴር።
«ድልድይ» አሉ። «አንድ ድልድይ። ሐምሌ ሲገባ የምንታጠር፣
አምና የፈተናው ወረቀት በማዶ፣ ልጆቻችን በወዲህ፤
ውሃው ሲጎድል ፈተናው አለፈ። እዚያው ክፍል ናቸው፣ እንዲህ።»

ጻፍኩ። አንቀጽ አሥራ አንድ፦ «ድልድዩ በዚህ ዓመት ይሠራል።»
አራት ነጥቧን ተከልኩባት፤ እንደ ድልድይ እግር ያቆማል።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ዶክተሩ ብቻውን መጣ።
«ከ‹ይሠራል› በፊት ጨምሪ፣ ሦስት ቃል ብቻ፣ ወይዘሮ ትርንጎ፤
‹በጀት በፈቀደ መጠን› በይ። ማንም አያየው ፈልጎ።»
ጣቴ የለመደው ነው፤ ጻፈ።
ዓረፍተ ነገሩ አልተናጋም፤ ድልድዩ ብቻ አለፈ።
እምቢ አላልኩም።
የሌሊት ዋጋ እጥፍ ነው፤ እሱንም ተቀበልኩ።

ሊነጋጋ ሲል ተሰበሰቡ፣ በካፖርት፣ በዣንጥላ።
ብዕር ወጣ። ፊርማ ዘነበ፤ ሁሉም ቸኩሏል ሊሞላ።
አቶ ሻንቆ ግን አነበቡ፣ እንደ ሰው ወንዝ የሚሻገር፣
ድንጋይ ድንጋዩን እየነካች ጣታቸው፣ መስመር ለመስመር።
አሥራ አንድ ላይ ጣቷ ቆመች።

ቀና አሉ። ዶክተሩን አላዩትም፤ ያዩት እኔን ነው።
«ሦስት ቃል ለሦስት ወንበር» አሉ፤ «ሒሳቡ እንኳ ትክክል ነው።»
ኪሳቸውን ዳብሰው፣ ለአንዷ ገጽ የኮፒ ከፈሉኝ፤
«ይቺን ለልጆቹ ላሳያቸው፤ ማንበብ ይችላሉ» አሉኝ።
ባርኔጣቸውን ደፉ። አውቶቡሱ ገና አልመጣም ነበር፤
በመስታወቱ አየኋቸው፣ ፌርማታው ላይ፣ በካፊያው ዳር።

የምክር ቤቱ ማማ ሰዓት አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ።
አገር ሊመሩ ያደሩ ሰዎች ከበው ቆመዋል፣ ፓኮው ጀርባ ላይ እንደገና ተጫረ፤
ወንበሯ መሀላቸው ነበረች፤ ቁጭ ሊል ማንም አልደፈረ።

ሲሄዱ ሦስቱን ቃል አጠፋሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ።
ፋይሉ እስከ ዛሬ አለ፣
«ስምምነት የመጨረሻ የመጨረሻ ሁለት» ይላል ስሙ፤
በሩ ላይ መታወቂያው የጠፋበት አንድ ልጅ ቆሟል፣
«ማስታወቂያ ስንት ነው?» ይላል።