እርግጠኛ ነዎት?

ሳልሚያ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ከኔ ቀጥሎ ገባ ሌላ አገልጋይ።
ጥቁር ሣጥን ነው፣ እግር የለው እጅ፣
ሚሻሪ ሠራው፣ የቤቱ ታናሽ ልጅ።
ብሎን በጥርሱ ይዞ፣ ሽቦ ባንገቱ ጥሎ፣
ሦስት ሌሊት ደከመ «እናቴ ትይ» ብሎ።

«ሁሉም እዚህ አለ፣» አለ፣ «ፊልሙ፣ ዘፈኑ፣ ፎቶው፣
አባዬ በሠርጉ ቀን ጥምጥሙ ወድቆ የሣቀው፣
ከካሴት ገልብጬ አንድ ባንድ ያስቀመጥኩት፣
ከእንግዲህ ሲኒማ ምን ያደርጋል ለዚህ ቤት?»

እማማ ኑርያ ግን ያሻት አንድ ነገር፣
የረመዳን ድራማ፣ ካፍጥር ኋላ ሲጀመር።
ድምፅ ከፍ፣ ድምፅ ዝቅ፣ ቻናል ወደ ፊት፣
ሦስት ቁልፍ ይበቃታል፤ አራት ካሉት ጭንቀት።

ሣጥኑ ግን ይጠይቃል።
«ላድስ? አሁን ላድስ? ወይስ ማታ ላድስ?
ይህን በምን ልክፈተው? ልጥፋና ልመለስ?»
«እርግጠኛ ነዎት?» ይላታል፣ በሰባ ዓመቷ፣
እንዲህ አልጠየቃትም ሟቹ የልጆች አባቷ።

ኪቦርድ በሶፋ ላይ! እንግዶች ሲመጡ፣
ትራስ መስሏቸው ላዩ ላይ ተቀመጡ።
ድምፁ ጠፋ፣ ሥዕሉ ወደ ጎን ዞረ፣
ምሽቱ በ«ሚሻሪ!» «ሚሻሪ!» ተቀበረ።
እሱም በሆዱ ተኝቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣
«አንድ ደቂቃ» ይላል፣ ድራማው አልቆ ዜና ሲገባ።

ጦዝ ሲነሣ ደግሞ፣ ያ ቀይ የኩዌት አዋራ፣
ማራገቢያው ያጓራል እንዳይሱዙ በተራራ።
እኔ በብሩሽ እጠርጋለሁ ካፍንጫው ላይ፣
የት ታይቷል አገልጋይ ሲያገለግል አገልጋይ?

ሚሻሪ ለሥራ ዶሃ ሄደ በጥር፣
መመሪያውን ለኔ ትቶ፣ በወረቀት፣ በቁጥር፦
«አንደኛ ይህን ንኪ፣ ሁለተኛ ጠብቂ፣
ሦስተኛ ካልሆነ ደውዪና ጠይቂ።»

ሁለት ሳምንት ሞከርን። እማማ ታከታት።
ጎረቤት ኡም ፈሃድ አንዲት ነገር ሰጠቻት፣
ጣት የምታህል፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካኋት።
ሳትጠይቅ በራች።
ሳትጠይቅ!
እማማ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ገባኝ ያን ሰዓት።

ያኔ አገሬ ሳለሁ፣ ገና ሳልሳፈር፣
ደላላው በጣቱ እየቆጠረ ሲመክረን ነበር፦
«በሰው ቤት የሚበረክት የሚያውቅ አይደለም ብዙ፣
ጥያቄ የማያበዛ ነው፣ የሚገኝ በትእዛዙ።»
ሣጥኑ ብዙ ያውቃል፤ ማን ጠላው ዕውቀቱን?
ሳያስታምሙት አያድርም እንጂ አንድ ሌሊቱን።

«ይህን የመሰለ ነገር፣» ይላል ሚሻሪ በስልክ፣
«ሰው ለምን ቤቱ አያስገባ? ምን ጎደለው ከልክ?»
ዝም አልኩ።
ዝምታ ለምዶብኛል።

አሁን ከአልጋዬ ግርጌ ነው፣ መጋዘን ውስጥ፣ ከሩዙ ጎን፣
ካሮጌ ስክሪኑ ጋር፤ እንግዲህ ሁለት ሆንን።
ትናንት፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ቁልፉን ነካሁት፤
አቃሰተ፣ በራ፣ ሰማያዊ ሆነ የክፍሌ ጽልመት።
ጠየቀ፣ እንደ ልማዱ፦
«ስም?»

ስም።
እዚህ ቤት ሳራ ነኝ። ከኔ በፊት የነበረችው
ሳራ ነበረችና፣ ስሟ ለኔ ተረፈ፣
ከሽርጧ ጋር እንደ ታጠፈ።
አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም።

ቁርኣን ቤት በቆጠርኩት ፊደል፣ ባንድ ጣት፣
ጣ፣ ያ፣ ባ፣ ታ፤
ጦይባ ብዬ ጻፍኩለት።

«ስህተት ነው፣» አለኝ። «እንደገና ይሞክሩ።»

ይሞክሩ!
በዐረብኛ አንቱታ የለም፤
እኔው ነኝ የጨመርኩት።
ሣቅሁ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣
እንደገና ጻፍኩት።