ምክንያቱን ነገ እጽፋለሁ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣
ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ አድሮ፣
የአጎበር መጋዘን በነበረች ክፍል
እኔ አለሁ፣ ሰርቨሩም አለ፤
አንዳችን ስናንቀላፋ አንዳችን እየነቃን።

ጳጉሜ ሁለት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት።
ሲስተር አያንቱ ጃንጥላ ሳትይዝ መጣች፣
ጋውኗ ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ።
«ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፤
መዝግብ ብለው፣ ማሽንሽ እምቢ አለኝ።»
«ምን ብሎ?»
«ቦታ የለኝም ብሎ።»

ቦታ የለኝም!
በዚህ ትናንት ጤፍ በሚታጨድበት አፈር
ፎቅ በፎቅ ሲደረብ፣ ሰው በሰው ላይ ሲሰፍር፣
ለአንዲት ቀን፣ ለአንዲት ስም፣
ለሁለት መስመር ጽሑፍ ቦታ የለም?

ተቀመጥኩ። ጥቁሩን ስክሪን ከፈትኩ።
ሥዕል የለውም፣ የሚነካ ምልክት የለውም፤
የምትብለጨለጭ አንዲት ጭረት ብቻ፣
«እህ?» ብሎ እንደሚጠብቅ ሽማግሌ።
ሩት ሆኜ ገባሁ።
የሴት ስም ይመስላል፤ ስር ማለት ነው።
ከስር የገባን ሰው «እርግጠኛ ነሽ?» የሚል የለም፣
አጥፋ ያልሽው ይጠፋል፣ ቢጮኹም አይመለስም።
ስለዚህ ከማዘዜ በፊት
እጄን አንስቼ እስከ አስር እቆጥራለሁ።
ይህን ያስተማረኝ ወርዶፋ ነው፣
ሳንተያይ።

እሱ ሲለቅ እኔ አልተቀጠርኩም።
የወረስኩት ቁልፉን፣ የወረስኩት ቃሉን፤
ማሽኑ የሚዘለውን፣ በየፋይሉ ጥግ ለሰው ብቻ የጻፈውን፦
«ይህ ኬብል ላላ ነው፣ ጠረጴዛውን አትግፉ።»
«መብራት ሲመጣ አትቸኩሉ፣ ሁለቴ ነው የሚመጣ።»
እና በሰዓት ሠሌዳው መጨረሻ፣
ሌሊት ዘጠኝ ላይ ከምትነሣ መስመር በላይ፦
«አትንካ። ምክንያቱን ነገ እጽፋለሁ።»
(«አትንኪ» ማለት አልመጣለትም።)

ነገን አልጻፈም።
ካርድ ክፍሎች «ተዛወረ» ይላሉ፤
ጋሽ ድንቁ፣ ዘበኛው፣ «ታሞ ነበር» ይልና
ከዚያ ወዲያ ፋኖሱን ያስተካክላል።

ዲስኩን ማን በላው? አንድ በአንድ መዘንኩ።
ክትባት ጥቂት። ላቦራቶሪ ጥቂት።
የወርዶፋ የፖስታ ሣጥን ግን
አብጦ፣ አብጦ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ።
ያቺ መስመር ናት።
በየሌሊቱ ትነሣለች፣ ሥራዋን ትጨርሳለች፣
የቀኑን መዝገብ በሙሉ አያይዛ
ለሌለ ጌታዋ ትጽፋለች።
ሦስት ዓመት። ሺህ ከምናምን ደብዳቤ፣ አንድም ያልተከፈተ።

ልፍቃት አልኩ። መስመሯንም፣ ሣጥኑንም፣ ስሙንም።
(ስም ከማሽን ሲፋቅ ፋይሎቹ አይሞቱም፤
ባለቤታቸው ቁጥር ይሆናል፦ ሺህ ሦስት፣
አባታቸው በቁጥር የሚጠራ የሙት ልጆች።)
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት ላይ
አንዱን ደብዳቤ ከፈትኩት፦
«ዛሬ ጳጉሜ አይደለም።»
ሌላውን፦
«ዛሬ ጳጉሜ አይደለም።»
ሌላውንም።

ጽሑፉን ከስር እስከ ጫፍ አነበብኩት።
ፕሮግራሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣
ዓመቱ አሥራ ሁለት ቤት፤
አሥራ ሦስተኛ ሲያዩበት «ስህተት» ይላል፣
በጳጉሜ የተወለደውን ሁሉ
ነሐሴ ሠላሳ ላይ ይከምረዋል።
ወርዶፋም ማንንም ሳያማክር
ከክምሩ የሚለቅምላቸው አሽከር ተከለ፤
ዓመቱን ሙሉ በከንቱ የሚነሣ፣
«ጳጉሜ ነው?» ብሎ ጠይቆ የሚተኛ፣
ለአምስት ሌሊት ሥራ፣
በአራት ዓመት አንዴ ለስድስት።

ሺውን ደብዳቤ ጠረግሁ።
የጳጉሜዎቹን ተውኩ፣ አሥራ ስድስት ናቸው፣
የልጆች ስም አለባቸው።
ሲስተር አያንቱ ቆማ ጻፈች፣ ማሽኑም ተቀበለ፤
ነሐሴ ሠላሳ አለ፣ እንደ ልማዱ።
«ተሳስቷል!» አለች።
«ቆዪ» አልኳት።

እንደኛ ዘጠኝ፣ እንደ ማሽኑ ሦስት ሰዓት፤
የዲስኩ መብራት ሁለቴ ጠቀሰች።
ልጅቷ ወደ ቀኗ ገባች።
እኔም ከዚያች ያልተፈጸመች ቃል ስር፣
ጣቶቼ በብርድ እየዘገዩ፣ ጨመርኩ፦
«ምክንያቱ፦ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።
ደብዳቤው ከእንግዲህ ለእኔ ይምጣ።»