ቁም

በረዶው ሲቀልጥ፣ ሚያዝያ ሲገባ፣
ይደርሳል ደብዳቤ፣ ማህተሙ ያበባ፤
ቤልሚሮ ይጠራል ከተራራው መንደር፣
ብራጋንሳ ወርዶ ሊመረመር እግር።

ሚስቱ ዴኦሊንዳ ጠፍሩን ታጠብቃለች፣
የእንጨቱን እግር በጨርቅ ታብሳለች፣
"እስቲ እይልኝ ደግሞ፣ በቅሎ እንደሆን" ትላለች።
በዚህ ይስቃሉ። አውቶቡሱ መጣ።

ሦስት ሐኪሞች ናቸው፣ ጠረጴዛ ይዘው፣
ጉልበቱን የሚያዩት መነጽር አድርገው፤
ከጉልበቱ በታች የሌለውንም አይተው
ይጽፋሉ፦ "ጉዳቱ አሁንም አለ" ብለው።
ሃምሳ ሁለት ጊዜ መንግሥት ጠይቆታል፣
እግሩ በቅሎ እንደሆን፤ እሱም መልሶለታል፦
"አልበቀለም ጌታው።
ዘሩ የቀረበት ጊኒ ረግረግ ላይ ነው፣
ከሩዝ ማሳው ዳር፣ ጭቃው ከዋጠው።"

ሃያ ዓመቱ ነበር፤ "ቁም!" ሲሉት ቆመ፣
"ተራመድ!" ሲባልም ወደ መርከብ አዘገመ፤
የማን እንደሆነ ያልጠየቀው መሬት
አንድ ጠዋት ፈነዳ፣ ከረገጠበት።
ፈንጂውን የቀበረው እኩያው ነው፣ ያ ልጅ፣
ዛሬ ሸብቶ ይሆናል፣ ቢሳው፣ ከአንድ ቢሮ ደጅ፣
ወረቀቱን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ፣
"መዋጋትህን አስረዳ" ሲሉት የሚሳቀቅ።
ቤልሚሮ ይህን ያስባል፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ፤
ለሐኪሞቹ አይነግርም፤ ቅጹ ላይ ቦታው የት ሆኖ!

ሌሊት ግን ሌላ ነው።
ሌሊት እግሩ ሁለት ይሆናል፣
ይሮጣል በአልጋው ላይ፣ "ሎሬንሶ! ሎሬንሶ!" ይላል።
ዴኦሊንዳ ታውቃለች፦ መብራት አይበራም፣
ከኋላ አይጠጉትም፣ ስሙም አይጠራም፤
እጇን በደረቱ እንደ ድንጋይ አኑራ
ታነጋለች፣ የደጁን ወይራ በልቧ ቆጥራ።
አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ አንጓዋን ሰበረ፤
"ከወይራ ዛፍ ወድቃ" ተብሎ ተነገረ።
እሱ አለቀሰ። እሷ በግራ እጇ ሾርባ ሠራች።

ኅዳር ላይ ሞተ።
በወሩ ከሊዝበን ደብዳቤ መጣላት፦
"ባለመብቱ ስለሌሉ ክፍያው ቆሟል" የሚላት።
ቆሟል!
እሱ ቆሞ ሳለ ይሄድ የነበረው፣
እሱ ሲጋደም ነው ገንዘቡ የቆመው።
አገር ወጣቱን "ቁም" ስትል ድምጿ ተራራ ያልፋል፤
"ቆሜልሃለሁ" ልትል ስትነሳ ማይክራፎኑ ይበላሻል።

እግሩን በጆንያ ቋጥራ፣ ያንኑ አውቶቡስ ተሳፍራ፣
ቆመች ከመስኮቱ፣ ሰላሳ አራተኛ ተራ።
ግራሲዬት ትባላለች ከመስታወቱ ኋላ ያለችው፤
ገና ልጅ ናት፤ ጥያቄው ነው ያረጀው።
"የአገልግሎት ዘመን?"
"አርባ ዘጠኝ ዓመት።"
"እማማ፣ እዚህ ላይ ሃያ ስድስት ወር ነው የሚለው።"
"እሱ የባሌ ነው። እኔ የምነግርሽ የራሴን ነው።"
"ማዕረግስ?"
ጆንያውን ፈታች።
እግሩን ከቅጾቹ መሃል አጋደመች።

ግራሲዬት አዋጁን ገለጠች፤ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፤
"ተዋጊ" ይላል፣ "ጉዳተኛ" ይላል፤ ሴቲቱን የሚል የለም ገጽ።
"ተቋም" ይላል ደግሞ፣ "አቋም" ይላል፣ "መቋቋሚያ"፤
ይህ ሁሉ መቆም ሳለ ለእሷ የለም መቆሚያ።
"አስተያየት" የሚል አለ፣ ሁለት መስመር የማይዝ ሳጥን፤
እዚያ ጻፈችው፤ ሲሞላ ጠርዙን፣ ሲሞላ ጀርባውን።
ከኋላ ሰልፍ ነበር። ማንም አልተቆጣ።

ሁለት ዓመት ፈጀ። ከዚያ አንዲት ሐረግ ተጨመረች፦
"ወይም ያስታመመች የትዳር ጓደኛ" የምትል፤ አጭር ነች።
ግማሽ ክፍያ ናት። ጣራ ግን አስጠገነች።

የሐኪሞቹ ጥሪ ዘንድሮ ዘግይቶ፣ ሰኔ ላይ ደረሰ፤
ያኛው ቢሮ ሞቱን አልሰማም፤ እንደ ልማዱ ጠቀሰ፦
ቤልሚሮ እንዲቀርብ፣ እግሩ እንዲመረመር።
ዴኦሊንዳ መነጽሯን አድርጋ፣ ከጓሮው በር
ቆማ አየች፦ እግሩ ከአፈሩ ተተክሏል፤
ጠፍሩን ተንተርሶ የአደንጓሬ ሐረግ ጉልበቱ ላይ ደርሷል።
እስክሪብቶ ፈለገች።
ለተከበረው ቦርድ፣ በቀኝ እጇ፣ እንዲህ ስትል መለሰች፦
"ዘንድሮ በቅሏል።"