ላልቶ ይነበብ

ጸሐፊው «ነዳ» አለ፣ «ዳ»ን ረግጦ አጥብቆ፤
«ማን ነዳ? ምን ነዳ?» ከት ብሎ ስቆ።
አባቴ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣
«አላላው» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«በዐረብኛ ጤዛ ነው።»

ጤዛ? በግንቦት? በድሬ?
መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፤
በመስኮቱ ደቻቱ፣ አሸዋው ውሃ ውሃ ይላል።

«ጫት ጭኜ ከአወዳይ ስወርድ፣ ደንገጎ ላይ ነጋ፤
ስልኬ ‹ሴት ናት› አለኝ። ቆሜ፣ ሳሩ ላይ እጄን ስዘረጋ
ረጠበ። ፊቴን አበስኩ።
ታች እስክደርስ መዳፌ ደርቆ
ስሟ ብቻ ቀረኝ።»

ጸሐፊው ጻፈው።
ወረቀቱ ላይ ፊደሉ አንድ ነው፤
አንባቢ ነው እኔንና እሱን የሚለየው፦
ያጠበቀኝ ሁሉ አባቴን ይጠራል፣
ያላላኝ እኔን።